የአባዬ ፓልም እና "ፔኒሲሊን አይስማማውም"

ሰሞኑን ድምፄ ሲጠፋባችሁ "ዶክተር ደህና ነሽ ወይ?" ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ደህና ነኝ። የጠፋሁት በታናሽ ወንድሜ ሕመም እና፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አንድ የእጅ ኮምፒውተር ምክንያት ነው። ወንድሜን አስፈቅጄ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

ወንድሜ 25 ዓመቱ ነው። ለወራት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ እያጠረው "ስፖርት ስላቆምኩ ነው" እያለ ሲያልፈው ቆየ። እኔም እህቱ፣ ሐኪም ነኝ የምለው፣ አብሬው አለፍኩት። በመጨረሻ ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ (ኢኮ የምንለው ምርመራ ነው) በግራ በኩል ያለው፣ ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ ጠባሳ ይዞ ተገኘ። ሩማቲክ የልብ ሕመም።

ይህ ሕመም ከየት እንደሚመጣ እዚህ ገጽ ላይ ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ ለአዲስ ተከታታዮች ባጭሩ ልድገመው። ሁላችንም "ቶንሲል" ብለን የምንጠራው የልጆች የጉሮሮ ሕመም አንዳንዱ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። በወጉ ካልታከመ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊወጋ ይችላል። መገጣጠሚያው ይድናል። ልቡ ላይ ግን ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥርም ጠባሳው ይጨምራል። ስለዚህ ከሕክምናው ትልቁ ክፍል ባክቴሪያው ደግሞ እንዳይመጣ መከልከል ነው። ለዚህ ደግሞ ከቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚስተካከል የለም። በየአራት ሳምንቱ፣ አንዳንዱ ታካሚ በየሦስት ሳምንቱ፣ ለዓመታት ይወጋል። ቫልቩ ለተጎዳ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው።

የልብ ሐኪሙ ይህንኑ አስረድቶ ማዘዣውን መጻፍ ሲጀምር እማዬ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ኧረ ዶክተር፣ ፔኒሲሊን አይስማማውም! በልጅነቱ ሊሞትብኝ ነበር እኮ።"

እውነቷን ነው። ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አስታውሳለሁ። በጋቢ ተጠቅልሎ አባዬ ትከሻ ላይ ሆኖ ሲወጣ ዓይኖቹ ተጣብቀው፣ ከንፈሩ ቆስሎ ነበር። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ያህል ተኝቷል። የሕክምና ትምህርት ቤት ስገባ እንኳ ያ ምስል ከነበሩኝ ምክንያቶች አንዱ ነበር። መድኃኒቱ የቱ እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። "ፔኒሲሊን" ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ አበቃ።

ሐኪሙ እንደሚገባው ጥንቃቄ አደረገ። መርፌውን ትቶ ኤሪትሮማይሲን የሚባል እንክብል ጠዋትና ማታ አዘዘለት። ወንድሜን ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። በወሩ "ስንቱን ዘለልክ?" ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። በዚህ ሕመም መዝለል አያስቅም። ፔኒሲሊን ለማይስማማቸው መጽሐፉ ላይ ያለው ሌላ አማራጭ ሰልፋዳያዚን ነው፤ በቀን አንዴ ብቻ የሚዋጥ፣ ከሰልፋ ወገን የሆነ መድኃኒት። ለሐኪሙ "ይህስ አይሻለውም ወይ?" ልለው ስልኬን አንስቼ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከመደወሌ በፊት እማዬን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ ፔኒሲሊን ነው ያለሽ ማን ነው?"

"መድኃኒት ወስዶ ነዋ የታመመው!"

"የትኛውን መድኃኒት?"

"ሽሮፑን።"

"ምን የሚባል ሽሮፕ?"

"እኔ ምን አውቄ። ሮዝ ነበር መሰለኝ።"

ሮዝ! ወላጆች፣ ከልጆች ሽሮፕ ውስጥ ሮዝ ያልሆነውን መቁጠር ይቀላል። ለካ በእኛ ቤት አንቲባዮቲክ የተባለ ሁሉ "ፔኒሲሊን" ነበር የሚባለው። የተኛበት ሆስፒታል ሄጄ የድሮ ካርዱን ብጠይቅ አልተገኘም። የሚያውቀው አባዬ ነበር፤ አባዬ ደግሞ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው "የአባዬ ፓልምስ?" ያለው ወንድሜ።

አባዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ሁሉን ይመዘግባል። የመብራት ክፍያ፣ የዕቁብ ተራ፣ የበግ ዋጋ በየፋሲካው። በ1995 ዓ.ም. አጎቴ ከዋሽንግተን ሲመጣ አንድ የእጅ ኮምፒውተር ይዞለት መጣ፤ ፓልም ኤም105 ይባላል። ልጆቻችሁ አያውቁትም። ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ያለው፣ በትንሽ የፕላስቲክ ብዕር እየነኩ የሚጽፉበት ነው። ስልክ አይደለም፣ ካሜራ የለውም፣ ኢንተርኔት የለውም። ቀጠሮ፣ አድራሻ፣ ማስታወሻ፣ ሌላም ሌላም ይይዛል። ፊደላችንን ስለማያውቅ አባዬ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፍበት፤ ያውም መሣሪያው በሚፈልገው የራሱ የአጻጻፍ ስልት። እራት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጭርበት እማዬ "ደግሞ ያን ጀመርክ" ትለዋለች። አጎቴ የዝርዝር መያዣ የምትሆን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጭኖለት ስለነበር፣ የቤተሰቡን ጤና እዚያ ላይ ይመዘግብ እንደነበር ወንድሜ ያስታውሳል። "የእኔን ክትባት እያሳየ ከነርስ ጋር ሲከራከር አይቻለሁ" አለኝ።

መሣሪያውን የአባዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከነገመዱ አገኘነው። ሁለት የሪሞት የባትሪ ድንጋይ ገዝተን ብናስገባለት ወዲያው ተነሳ። እኔ እልል ልል ነበር። ከዚያ ስክሪኑ "እንኳን ደህና መጡ፣ መሐሉን ይንኩ" የሚል ነገር አመጣ። ልክ ከካርቶኑ ዛሬ እንደወጣ። ማስታወሻው ባዶ፣ አድራሻው ባዶ። ያቺ የዝርዝር ፕሮግራም ራሷ የለችም።

ለካ በእነዚያ ዓመታት የነበሩት ፓልሞች የጻፋችሁትን ሁሉ የሚይዙት ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ በሚሠራ ሚሞሪ ላይ ነው። የባትሪ ድንጋይ ለመቀየር ያለው ፋታ እንኳ በደቂቃ የሚቆጠር ነበር። የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ከተረሳ ሁሉም ይጠፋል። የአባዬ ደግሞ ስንት ዓመት ተረስቶ እንደኖረ እግዚአብሔር ይወቅ።

የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ጎረቤት አለን፤ እማዬን "ማዘር" ይላታል። እሱ ነው ያጽናናን። "ይሄ ዕቃ እኮ ብቻውን አይኖርም። ገመድ ካለው ከኮምፒውተር ጋር ይናበብ ነበር ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የት አለ?" ኮምፒውተሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በእማዬ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅርጫት ተቀምጦበት ነበር።

ልሰካው ስል እጄን ያዘኝ። "ዶክተር፣ አይሆንም! መጀመሪያ ኮፒ።" ሃርድ ዲስኩ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቶ አንዴ ቢነሳ ሁለተኛ ላይነሳ ይችላል አለ። ፈታው፣ ዲስኩን አወጣ፣ በሌላ ማሽን ላይ አስነስቶ የፓልሙን ፎልደር ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጠ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ብቻ መልሶ ገጠመው። ደም ከመውሰዳችን በፊት ስም ሁለቴ የምንጠይቀው ትዝ አለኝ፤ ጥሩ ባለሙያ በየትም ቦታ ያስታውቃል።

ፎልደሩ ውስጥ በአባዬ ስም የተሰየመ ሌላ ፎልደር አለ፤ በውስጡ ደግሞ "መጠባበቂያ" የሚል። አባዬ ፓልሙን ከኮምፒውተሩ ጋር ባናበበ ቁጥር የሁሉም ነገር ቅጂ እዚያ ይቀመጥ ነበር። ቀጠሮውና ማስታወሻው ኮምፒውተሩ ላይም ይከፈታል። የዚያች ትንሽ ፕሮግራም ፋይል ግን እዚያ እያለ ኮምፒውተሩ አያነበውም፤ የሚከፈተው ፓልሙ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ፓልሙ መመለስ ነበረበት።

ጎረቤታችን ሁለት ነገር ያስፈራኛል አለ። አንደኛው አቅጣጫው ነው። ሁለቱ ሲናበቡ ባዶው ፓልም በሙሉው ኮምፒውተር ላይ ከተጻፈበት የቀረውም ይጠፋል፤ ስለዚህ "ከኮምፒውተር ወደ ፓልም" መሆኑን በየአንዳንዱ መስመር እየገባ አረጋገጠ። ሁለተኛው ስሙ ነው። ፓልሙ ባዶ ስለሆነ ኮምፒውተሩ "ይህ የማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ከዝርዝሩ የድሮውን ስም መምረጥ ያስፈልጋል። አዲስ ስም ከሰጡት እንደ አዲስ ሰው ይቆጥረውና የአባዬን ነገር አይመልስለትም።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ግንኙነት የለም አለን። ሁለተኛውም። የገመዱን ጫፍ ስናየው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር አዋጣሁ፤ ከቦርሳዬ የመርፌ ቦታ የምንጠርግበትን የአልኮል ጥጥ አውጥቼ ጠረግሁት፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። በሦስተኛው ያ የማውቀው ዜማ ተሰማ፤ አባዬ ሲያገናኘው ሦስት ኖታ ያህል ወደ ላይ የምትወጣ ድምፅ ነበረችው። እማዬ ከማድ ቤት "ምንድነው?" ብላ መጣች። ከዚያ የአባዬን ስም ከዝርዝሩ መረጥን። የድሮ ገመድ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው፤ ደቂቃዎች ቆየ። ሲጨርስ ፓልሙ ራሱን አጥፍቶ አበራ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ተደርድረው መጡ። ከነሱ መሐል ያቺ ፕሮግራም አለች።

የወንድሜ ስም ስር ያገኘነውን በአማርኛ ፊደል ልጻፍላችሁ። አባዬ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው፤ 5 ማለት ጥር ነው። መጀመሪያ በፈረንጅ አስልቼው ወንድሜ ገና ሳይወለድ የታመመ መስሎኝ ነበር!

"3/3/97 ቶንሲል። አሞክሲሲሊን ሽሮፕ።"

"5/3 ተቅማጥ 3 ጊዜ። ነርሷ ቀጥሉ አለች።"

"10/3 ጨረሰ። ደህና።"

"11/5 ተቅማጥ፣ ደም አለው። ባክትሪም ሽሮፕ፣ 5 ቀን።"

"19/5 ትኩሳት። ዓይኑ ቀላ።"

"20/5 አፉ ቆሰለ። ቆዳው ውሃ ቋጠረ። ሆስፒታል ተኛ።"

"4/6 ወጣ። ሐኪሙ፦ ሰልፋ ያለበት መድኃኒት በዕድሜው ሙሉ እንዳይነካ።"

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ የተጻፈች፦ "22/8/98 ቶንሲል። ጤና ጣቢያ፣ ፔኒሲሊን መርፌ። አለቀሰ። ከረሜላ። ደህና።" እማዬ ያን ሰሞን ለእናቷ ለቅሶ አገር ቤት ነበረች፤ አላወቀችም።

መቀመጫ ፈለግሁ። ባክትሪም ኮትራይሞክሳዞል ነው፤ ሰልፋ አለበት። ሰልፋዳያዚንም ሰልፋ ነው። ወንድሜን በአምስት ዓመቱ ሊገድለው የነበረውን መድኃኒት ቤተሰብ "ይሻለዋል" ብዬ ልጠቁም ስልኬን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

እማዬ ለምን እንደተሳሳተች ማስታወሻው ላይ ይታያል። ሽሮፑን ከጨረሰ አራት ቀን ካለፈ በኋላ ነው የታመመው። ሰው ሁሉ አለርጂ ማለት ወዲያው፣ መርፌው ሳይነቀል የሚመጣ ነገር ይመስለዋል። እንደዚያ ዓይነት አለ፤ በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈርና የምላስ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ያመጣል። ሌላው ግን ቀናት፣ ሳምንታትም ይቆያል። ትኩሳት፣ የዓይን መቅላት፣ የአፍ መቁሰል፣ ቆዳ ውሃ መቋጠርና መላጥ አብረው ሲመጡ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም የምንለውን እንጠረጥራለን። ገዳይ ነው፤ ያን ያመጣ መድኃኒት ዳግመኛ አይሞከርም፣ በሐኪም ፊትም ቢሆን። ልጃችሁ መድኃኒት ጀምሮ፣ ጨርሶም ቢሆን፣ እነዚህ ምልክቶች ከታዩበት ነገ አትበሉ።

ከአሞክሲሲሊን ጋር የመጣው ተቅማጥ ግን አለርጂ አይደለም። ማቅለሽለሽም አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት "አይስማማኝም" ብሎ ካርዱ ላይ ያስጽፋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ከሚሉ 10 ሰዎች፣ በወጉ ሲመረመሩ 9 ያህሉ መውሰድ የሚችሉ ናቸው። በልጅነቱ እውነተኛ አለርጂ የነበረበትም ቢሆን ከ10 ዓመት በኋላ የሚለቀው ብዙ ነው። ይህን አንብባችሁ ቤት ውስጥ አሞክሲሲሊን ገዝታችሁ ብትሞክሩ ግን እቀየማችኋለሁ። ከዘጠኙ አንዱ የማን እንደሆነ ከፊት አይታወቅም፤ አሥረኛው ሰው ደግሞ የሚድነው አጠገቡ አድሬናሊን ካለ ነው።

እኛም እንደዚያ አደረግን። የአባዬ ማስታወሻ የሐኪም ካርድ አይደለም፣ እኔም የወንድሜ እህት እንጂ ሐኪሙ አይደለሁም። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቼ ለልብ ሐኪሙ ወሰድኩለት። አንዴ አነበበ፣ መነጽሩን አውልቆ ሁለተኛ አነበበ። "አባታችሁ ምን ይሠሩ ነበር?" አለኝ። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ፣ የድንገተኛ መድኃኒት ተዘጋጅቶ፣ በትንሽ አሞክሲሲሊን ጀምረው ጨመሩለት፣ ሰዓታት ጠበቁት። እማዬ ኮሪደር ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ቁጭ ብላለች። ምንም አልሆነም። በሌላ ቀን የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። አመመው እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም። ካርዱ ላይ "ፔኒሲሊን" የሚለው ተሰርዞ በቀይ "ሰልፋ" ተጻፈ፤ ከነቀኑ፣ ከነምልክቱ።

እማዬ ያን ዕለት ማታ ዝም ብላ ቆይታ "ታዲያ እኔ ነኛ ሃያ ዓመት የከለከልኩት" አለች። አንቺ አይደለሽም አልኳት። አንድ ሐኪም እንኳ "የትኛው መድኃኒት? በስንተኛው ቀን? ምን ሆነ?" ብሎ አልጠየቃትም። እኔንም ጨምሮ። በየቀኑ ክሊኒክ ውስጥ "የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?" ብዬ ጠይቄ፣ መልሱን በአንድ ቃል ጽፌ አልፍ ነበር። አሁን ቃሉን አልቀበልም፤ ታሪኩን ነው የምጠይቀው። ታካሚዎቼ ወረፋው ረዘመ ብላችሁ ካማረራችሁ ምክንያቱ ይኸው።

እናንተም የልጃችሁን ሽሮፕ ስትቀበሉ የጠርሙሱን ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የሆነ ነገር ከመጣበት ደግሞ ቆዳውንም አንሱ፣ ቀኑንም ጻፉ። ነገር ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ ያውቀዋል። ለአንድ የቤተሰብ ሰው ላኩት፤ የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይም በእስክሪብቶ ጻፉት። የአባዬ ማስታወሻ የተረፈው ፓልሙ ጎበዝ ስለነበረ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ስለነበረው ነው። ያም ቢሆን ከሽንኩርት ቅርጫት ስር ለጥቂት ነው የተረፈው።

ፓልሙን ወንድሜ ወሰደው። የባትሪ ድንጋዩን ከማለቁ በፊት እየቀየረ ነው፤ ዝርዝሩንም በፊደላችን ገልብጠን እማዬ የምትጽፍበት ደብተር ላይ አስፍረነዋል። እሷም "የእኔስ የለም?" ብላ አስከፈተችን። አለ፤ የደም ግፊቷ፣ ከ1996 ጀምሮ፣ አንዳንዱ ቀን ጎኑ ላይ "ተናዳ ነበር" የሚል ተጽፎበታል። የእኔ ስር የትል መድኃኒትና "ከዛፍ ወደቀች፣ 4 ስፌት" አገኘሁ።

መርፌው በየአራት ሳምንቱ ነው። ወንድሜ ቀኑን በስልኩ ሳይሆን በፓልሙ ላይ ማንቂያ አድርጎ ሞልቶታል። ባለፈው ሐሙስ ምሳ ላይ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ እማዬ ጭልፋውን አስቀምጣ "ተነስ፣ አባትህ እየጠራህ ነው" አለችው።